ሃንስ ክርስቲያን ግራም፤ ረቂቃን ተሕዋስያንን በቀለም የለየው ሐኪም

ግራም የሚለው ቃል በተጠራ ጊዜ የብዙ ሰው አሳብ ወደ ሚዛን ይሄዳል። ወርቅና ዕጣን የሚመዘንበት፥ የኪሎ አንድ ሺሕኛ የሆነው ክብደት በዚሁ ስም ስለሚጠራ፥ በሐኪም ቤት የምርመራ ወረቀት ላይ ግራም የሚል ቃል ያነበበ ሰው የአክታው ወይም የደሙ ክብደት የተጻፈ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከሚዛን ጋራ ዝምድና የለውም። በዚያ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ግራም የአንድ የዴንማርክ ሐኪም ስም ነው። ይህ ሰው በ30 ዓመቱ ያገኘው አንድ የቀለም ሥርዓት ዛሬም በዓለም ሁሉ ባሉ የምርመራ ክፍሎች በየቀኑ ስለሚሠራበት፥ ስሙ ከባለቤቱ ተለይቶ የሥራው መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ሰውየውን ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሃንስ ክርስቲያን ዮአኪም ግራም ሴፕቴምበር 13 ቀን 1853 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ፕሮፌሰር ስለ ነበረ ልጁ ያደገው መጻሕፍት በበዙበት ቤት ነው። ይሁን እንጂ የአባቱን የሕግ ትምህርት አልተከተለም። በ1871 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ልቡ ወደ ፍጥረት ምርምር አዘነበለ፤ ያፔቱስ ስቴንስትሩፕ ለተባለው ታላቅ የእንስሳት ሊቅም በዕፀዋት ጥናት ረዳት ሆኖ ሠራ። ዕፀዋትን የሚያጠና ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ቅርጽን መለየት ነው፤ ቅጠሉ ክብ ነው ወይስ ሹል፥ አበባው ነጠላ ነው ወይስ ዘለላ ብሎ ይጠይቃል። አጉሊ መነጽርን አያያዝ፥ ከዕፀዋት የሚወጣውንም መድኃኒት ማወቅ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነበር።

በ1878 ዓ.ም. ወደ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ሳለ የሰውን ደም በአጉሊ መነጽር እየመረመረ ቀያዮቹን የደም ሕዋሳት ይቈጥርና ይለካ ጀመር። በ1882 ዓ.ም. የደም ማነስ ስለ ያዛቸው ሴቶች ቀይ የደም ሕዋሳት ቍጥርና መጠን በጻፈው ጥናት ከዩኒቨርሲቲው የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ፤ በ1883 ዓ.ም. ደግሞ የዶክትርና ማዕርጉን አገኘ። ይህ የመቍጠርና የመለካት ሥራ እጅግ አድካሚ ነው። አንዱን ሕዋስ ከሌላው ሳያደባልቁ ለብዙ ሰዓት ዐይንን በመስታወት ላይ ተክሎ መዋልን ይጠይቃል። ወጣቱ ሐኪም በኋላ ላገኘው ነገር የተዘጋጀው በዚህ ትዕግሥት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ዘመኑ ሐኪሞች የበሽታን ምክንያት በታላቅ ትጋት የሚፈልጉበት ዘመን ነበር። በ1882 ዓ.ም. ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ በበርሊን ለሊቃውንት ጉባኤ ገለጠ። በማግሥቱ ዓመት በግብፅ የኮሌራ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም ወደ እስክንድርያ ወርዶ፥ ከዚያም ወደ ህንድ ተሻግሮ ምርምሩን ቀጠለ። በአውሮፓ ከተሞች ብዙ ሰው ይገድሉ ከነበሩት በሽታዎች አንዱ ደግሞ የሳንባ ምች ነበር። ትናንት በጤና ሲሠራ የዋለ ጐልማሳ በድንገት ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ጐኑን ይወጋዋል፤ የብረት ዝገት የመሰለ አክታ ይተፋል። ከሳምንት ያህል በኋላም ወይ ትኵሳቱ በአንድ ሌሊት ይለቀዋል፥ ወይም ይሞታል። ሐኪሙ በአልጋው አጠገብ ቆሞ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው ብዙ አልነበረም። ምክንያቱ ብርድ ነው የሚሉም ነበሩ፤ ተሕዋስ ነው የሚሉም ነበሩ።

ተሕዋሱን ማየት ደግሞ ቀላል አልነበረም። አንድ ባክቴሪያ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ያህል ርዝመት ያለው፥ እንደ ውኃም ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ስለ ሆነ፥ በአጉሊ መነጽር ሥር እንኳ ቢቀመጥ ከዙሪያው አይለይም። ስለዚህ ሊቃውንቱ በቀለም ይነክሩት ጀመር። እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን በ1856 ዓ.ም. ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሐር ማቅለሚያ የሚሆን ሐምራዊ ቀለም ካወጣ ወዲህ የጀርመን ፋብሪካዎች እንዲህ ያሉ ቀለማትን በብዛት ያወጡ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊኽም እነዚህን የጨርቅ ቀለማት ለሕክምና ምርመራ እንዲያገለግሉ አደረገ። ሆኖም አንድ ችግር ቀረ። ከሞተ ሰው ሳንባ ተቈርጦ የተወሰደ ስስ ቅራፊ በቀለም በተነከረ ጊዜ ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን የሰውየው ሥጋም ይቀልማል። በተለይም በእያንዳንዱ ሕዋስ መካከል ያለው አስኳል ቀለሙን አጥብቆ ስለሚይዝ፥ ተሕዋሱን ከአስኳሉ ስባሪ መለየት ያስቸግራል። ይህም በጥቍር ብራና ላይ በጥቍር ቀለም የተጻፈን ለማንበብ እንደ መሞከር ያለ ነበር።

ግራም ትምህርቱን እንደ ፈጸመ በ1883 ዓ.ም. ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ለጥናት ወጣ፤ እስከ 1885 ዓ.ም. ድረስም ቆየ። በበርሊን ያረፈው በፍሪድሪኽስሃይን ከተማ ሆስፒታል ነው። ይህ ሆስፒታል በ1874 ዓ.ም. የተከፈተ፥ የከተማው አስተዳደር ያሠራው የመጀመሪያው ሐኪም ቤት ሲሆን፥ የአስከሬን ምርመራውን የሚመራው ካርል ፍሪድሌንደር ነበር። ፍሪድሌንደር ከግራም የሚበልጠው በ6 ዓመት ብቻ ቢሆንም በዚያን ጊዜ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። በ1882 ዓ.ም. በሳንባ ምች በሞቱ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ባክቴሪያ ማየቱን ጽፎ ነበርና፤ በማግሥቱ ዓመትም አንዱን ዐይነት ከሰውነት ውጭ ለብቻው አሳድጎ፥ የሳንባ ምች ምክንያት ይህ ነው ብሎ አስታወቀ። በዚያው በበርሊን የሚኖር አልበርት ፍሬንክል የተባለ ሌላ ሐኪም ግን ተቃወመው። እርሱ ያገኘው ባክቴሪያ የተለየ መሆኑን፥ የበሽታውም ባለቤት የርሱ እንጂ የፍሪድሌንደር አለመሆኑን ተናገረ። ክርክሩ በ1884 ዓ.ም. በሐኪሞች ፊት በግልጥ ወጣ።

ለሁለቱም ወገን አስቸጋሪው ነገር ሁለቱ ባክቴሪያዎች በመልክ መመሳሰላቸው ነበር። የፍሬንክል ባክቴሪያ የጦር ጫፍ እንደ መሰለ እንክብል ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። የፍሪድሌንደር ደግሞ በትር ነው፤ ነገር ግን በትሩ እጅግ ዐጭር ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ እንክብል ይመስላል። በዚያውም ላይ ሁለቱም በዙሪያቸው እንደ ከረጢት ያለ ሽፋን ለብሰዋል። ቅርጽን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው አንዱን ለሌላው ቢወስድ የሚያስወቅሰው አይደለም። ፍሪድሌንደርም የጐዳው በመጀመሪያ በሞቱት ሰዎች ሳንባ ያየውንና በኋላ ያሳደገውን አንድ አድርጎ መቍጠሩ ነበር።

ግራም ግን ይህን ክርክር እፈታለሁ ብሎ አልተነሣም። አሳቡ ጠባብ ነበር፤ ሥጋው ነጭ ሆኖ ባክቴሪያው ብቻ የሚቀልምበትን መንገድ መፈለግ ነው። መጀመሪያ የሳንባውን ቅራፊ በኤርሊኽ መንገድ በተዘጋጀ ጄንሺያን ቫዮሌት በሚባለው ቀለም ነከረ። ይህ ቀለም ዛሬም ቁስል የሚቀባው፥ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች በሐምራዊነቱ የታወቀው መድኃኒት ነው። ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ካቈየው በኋላ አዮዲን ባለበት ውኃ ውስጥ አገባው። ውኃው የተሰናዳው 1 እጅ አዮዲንና 2 እጅ ፖታስየም አዮዳይድ ከ300 እጅ ውኃ ጋራ ተደባልቆ ነበር። በዚህ ጊዜ ቅራፊው በሙሉ ጠቈረ። ከዚያም በአልኮል አጠበው። አልኮሉ ቀለሙን ከሥጋው እየፈታ ወሰደው፤ በመጨረሻም ቅራፊውን በቅርንፉድ ዘይት አጠራው። በአጉሊ መነጽር በተመለከተ ጊዜ ሥጋውም አስኳሉም ቀለማቸውን ለቀው ነበር፤ በመካከላቸው ግን ባክቴሪያዎቹ ጠቍረው፥ በነጭ ብራና ላይ እንደ ተነጠበ ቀለም ጐልተው ታዩ።

ምሥጢሩ ያለው በአዮዲኑ ላይ ነው። ጄንሺያን ቫዮሌት ብቻውን ቢሆን አልኮሉ ሁሉንም አጥቦ ይወስደው ነበር። አዮዲን ከቀለሙ ጋራ ተያይዞ የማይታጠብ ግዙፍ ነገር ስለሚሆን በባክቴሪያው ውስጥ ተቈልፎ ይቀራል። ነገር ግን ሁሉም ባክቴሪያ ቀለሙን አልጠበቀም። ግራም የተለያዩ በሽታዎችን ተሕዋስያን እያከታተለ በመረመረ ጊዜ አንዳንዶቹ፥ ለምሳሌ የታይፎይድ ባክቴሪያ፥ እንደ ሥጋው ሁሉ ቀለማቸውን በአልኮል ፊት ይለቁ ነበር። ለርሱ ይህ እንደ ጕድለት የሚቈጠር ነገር ነበር። ባክቴሪያን ሁሉ ከሥጋ የሚለይ መንገድ ሲፈልግ፥ ከፊሉን የሚያሳይ ከፊሉን የሚሰውር መንገድ አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን የለቀቁትን ትቶ የጠበቁትን ብቻ በጻፈ ነበር። እርሱ ግን የጠበቁትንም የለቀቁትንም በየስማቸው መዘገበ።

ጽሑፉ በ1884 ዓ.ም. ፍሪድሌንደር በሚያዘጋጀው የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። ርዝመቱ 5 ገጽ ያህል ብቻ ነው። በመጨረሻው ላይ ግራም መንገዱ ገና ያልተስተካከለና ያልተፈጸመ መሆኑን ራሱ አውቆ ማሳተሙን፥ በሌሎች ሰዎች እጅ ግን ሊጠቅም እንደሚችል ተስፋ ማድረጉን ገለጠ። አዘጋጁ ፍሪድሌንደርም ከጽሑፉ በታች የራሱን ማስታወሻ ጨምሮ፥ ይህ መንገድ እርሱ ከሚያውቃቸው የባክቴሪያ ማቅለሚያ መንገዶች ሁሉ ከምርጦቹ አንዱ መሆኑን መሰከረ።

ይህ የፍሪድሌንደር ምስክርነት ሊታሰብበት ይገባል፤ መንገዱ የፈረደው በርሱ ላይ ነበርና። የፍሬንክል ባክቴሪያ በግራም ሥርዓት በተፈተነ ጊዜ ሐምራዊውን ቀለም አጥብቆ ይይዛል። ፍሪድሌንደር ያሳደገው ግን በአልኮሉ ታጥቦ ይለቃል። በቅርጽ የተደባለቁት ሁለቱ ባክቴሪያዎች በቀለም ተለዩ። አብዛኞቹ የሳንባ ምች ሙታን ሲመረመሩ በሳንባቸው የተገኘው ቀለሙን የሚይዘው ሆነ። በ1886 ዓ.ም. በቪየና የነበረው አንቶን ቫይክሰልባውም ከ100 በላይ ሕሙማንን መርምሮ፥ በብዙዎቹ የፍሬንክልን፥ በጥቂቶቹ ደግሞ የፍሪድሌንደርን ባክቴሪያ አገኘ። ስለዚህ ሁለቱም ፈጽመው አልተሳሳቱም፤ የሳንባ ምች ከአንድ በላይ ምክንያት አለው። የፍሪድሌንደር ባክቴሪያ ዛሬ ክሌብሲየላ፥ የፍሬንክል ኒሞኮከስ እየተባለ ይጠራል። ፍሪድሌንደር ግን ብዙ አልቈየም፤ በ1887 ዓ.ም. ገና 40 ዓመት ሳይሞላው ሞተ። የገዛ ክርክሩን የሚያስረታ መሣሪያ ከመምህሩ ጠረጴዛ አጠገብ በእንግድነት በመጣ ወጣት እጅ ሲሠራ አይቶ፥ በራሱ መጽሔት ማሳተሙና ማመስገኑ ለስሙ ታላቅ ክብር ነው።

ዛሬ የግራም ሥርዓት በመባል የሚታወቀው ሥራ ግራም ካደረገው አንድ እርምጃ ይበልጣል። ቀለማቸውን የለቀቁት ባክቴሪያዎች እንደ ገና ግልጥ ሆነው ስለሚሰወሩ፥ ጀርመናዊው የሕክምና ሊቅ ካርል ቫይገርት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳፍራኒን የተባለ ቀይ ቀለም በመጨረሻ ጨመረ። ያን ጊዜ ሐምራዊውን የጠበቁት ሐምራዊ ሆነው ይቀራሉ፤ የለቀቁት ደግሞ ቀዩን ይለብሳሉ። ቁም ጸሐፊ በአንድ ብራና ላይ ጥቍሩንና ቀዩን ቀለም በየስፍራው እንደሚያውል፥ በአንድ መስታወት ላይ ሁለቱ ወገኖች ጐን ለጐን ይነበባሉ። ፊተኞቹ ግራም ፖዚቲቭ፥ ኋለኞቹ ግራም ኔጋቲቭ ይባላሉ። ግራም እንደ ጕድለት ያየው ነገር የመንገዱ ዋና ጥቅም ሆኖ ተገኘ።

አሠራሩ ይህ ነው። አክታው፥ መግሉ ወይም ከጀርባ አጥንት የተቀዳው ውኃ በትንሽ መስታወት ላይ ስስ ሆኖ ይቀባል፤ ከደረቀም በኋላ በእሳት ነበልባል ላይ ጥቂት ጊዜ በማሳለፍ እንዲጣበቅ ይደረጋል። ሐምራዊው ቀለም ለ1 ደቂቃ ያህል ይፈስበታል፤ በውኃ ይታጠባል። አዮዲኑም እንዲሁ 1 ደቂቃ ያህል ይቈያል። ቀጥሎ አልኮል ወይም አሴቶን ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይንጠባጠብበታል። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አልኮሉ ከበዛ ሊጠብቅ የሚገባው ይለቃል፥ ካነሰም ሊለቅ የሚገባው ይጠብቃል። በመጨረሻ ቀዩ ቀለም ይጨመርና ታጥቦ፥ ደርቆ፥ ዘይት ተነጥቦበት 1000 ጊዜ አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ይታያል። ሥራው ሁሉ ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም፤ ባክቴሪያን አሳድጎ ስሙን ለማወቅ ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

መርማሪው ከመነጽሩ ሥር ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ቀለሙ ምንድር ነው፥ ቅርጹስ ምንድር ነው። ክብ የሆነው ኮከስ፥ በትር የሆነው ባሲለስ ይባላል፤ እንደ ጠመዝማዛ ክር ወይም እንደ ጐበጠ በትር ያሉም አሉ። ክቦቹ ደግሞ አቋቋማቸው ይለያያል። ሐምራዊ ሆነው እንደ ወይን ዘለላ ከተከማቹ ስታፊሎኮከስ ናቸው፤ እባጭና መግል የሚያመጡት እነዚህ ሲሆኑ፥ ስሙም በግሪክ ቋንቋ የወይን ዘለላ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ሐምራዊ ሆነው እንደ መቍጠሪያ ፍሬ በተርታ ከተሰካኩ ስትሬፕቶኮከስ ናቸው፤ የጕሮሮ ሕመምንና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ትኵሳትን ከሚያመጡት መካከል ናቸው። ትልልቅ ሐምራዊ በትሮች ተቀጣጥለው ከታዩ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ከቀይ በትሮች ብዙዎቹ የአንጀት ወገን ናቸው፤ ታይፎይድም ከነርሱ ውስጥ ነው። የኮሌራው ባክቴሪያ ቀይ ሆኖ የጐበጠ ነው።

ቀይ ሆነው ሁለት ሁለት እየሆኑ፥ እንደ ሁለት የቡና ፍሬ ጠፍጣፋ ጐናቸውን ገጥመው የሚታዩ ክቦችም አሉ። ከጀርባ አጥንት በተቀዳ ውኃ ውስጥ ከተገኙ የማጅራት ገትር ምልክት ናቸው። ይህንንም ባክቴሪያ በ1887 ዓ.ም. የገለጠው ያው የቪየናው ቫይክሰልባውም ነው። ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ ኢትዮጵያ የሚዘረጋው የአፍሪቃ ምድር ይህ በሽታ በደረቁ ወራት በወረርሽኝ የሚነሣበት ስለ ሆነ የማጅራት ገትር መቀነት ይባላል። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ሳይታከም ከቈየ በአንድ ቀን ሊሞት ስለሚችል፥ የባክቴሪያውን ስም እስከሚያውቁ አንድ ቀን መጠበቅ ሕይወትን ያስከፍላል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ፈጥኖ ይጀምራል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም በመስታወት ላይ የሚታዩት ቀያይ ጥንዶች መንገዱን ያሳዩታል። ያው ቅርጽና ያው ቀለም ከብልት በወጣ መግል ውስጥ ከታየ ደግሞ ጨብጥ ነው፤ ስለዚህ ናሙናው ከየት እንደ መጣ ማወቅም የምርመራው ክፍል ነው።

አንዱ ባክቴሪያ ቀለሙን ሲጠብቅ ሌላው የሚለቅበት ምክንያት በግራም ዘመን አልታወቀም ነበር። በኋላ የተገኘው መልስ ነገሩ የቅጥር መሆኑን ያስረዳል። ግራም ፖዚቲቭ የሆነው ባክቴሪያ ዙሪያውን በወፍራም ግንብ ታጥሯል። አልኮል ሲነካው ግንቡ ውኃውን አጥቶ ይኰማተራል፤ በውስጥ ያለው ሐምራዊ ቀለምም መውጫ ያጣል። ግራም ኔጋቲቭ የሆነው ግን ግንቡ ስስ ነው፤ ከግንቡ ውጭም የስብ መጋረጃ አለው። አልኮል ያን ስብ ስለሚያሟሟው ቀለሙ በስሱ ግንብ አልፎ ይፈስሳል። ይህ ልዩነት ለመድኃኒትም ይተርፋል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ዓ.ም. ያገኘው ፔኒሲሊን የሚያጠቃው የባክቴሪያውን ግንብ አሠራር ነው። ወፍራሙን ግንብ የለበሱት ብዙዎቹ በቀላሉ ሲሸነፉለት፥ የስብ መጋረጃ ያላቸው አብዛኞቹ የቀይ በትር ወገኖች ግን ተቋቋሙት። እንዲህ ሆኖ የቀለሙ ልዩነት ሐኪሙ መድኃኒት ሲመርጥ መሪ ሆነው።

ሥርዓቱ ሁሉን አያሳይም። የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ባክቴሪያዎች ሰም የመሰለ ነገር ስለ ለበሱ በዚህ ቀለም በሚገባ አይነበቡም፤ ለነርሱ ዚል እና ኔልሰን በተባሉ ሊቃውንት ስም የሚጠራ ሌላ ሥርዓት አለ። ፈጽሞ ግንብ የሌላቸው ባክቴሪያዎችም ቀለሙን ሊይዙ አይችሉም። ያረጁ ግራም ፖዚቲቮች ደግሞ ግንባቸው ስለሚደክም እንደ ቀዮቹ ሆነው መርማሪውን ያሳስታሉ። ቫይረስም ከመነጽሩ ዐቅም በታች ስለ ሆነ በዚህ መንገድ አይፈለግም።

ግራም ራሱ ወደ ባክቴሪያ ምርምር በሰፊው አልተመለሰም። በ1885 ዓ.ም. ወደ አገሩ ገባ፤ በ1889 ዓ.ም. ሚስት አገባ፤ በ1891 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ትምህርት ፕሮፌሰር ሆነ። ከአንድ ዓመት በኋላ በንጉሣዊው የፍሬደሪክ ሆስፒታል ዋና ሐኪም ሆኖ ተሾመ። በ1900 ዓ.ም. የመድኃኒቱን ወንበር ትቶ የውስጥ ደዌ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ። ለተማሪዎች በሕሙማን አልጋ አጠገብ የሚሰጠው ትምህርት የታወቀ ነበርና፥ ከ1902 እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ በ4 ቅጽ ታትሞ ወጣ። ብዙ ሕሙማንንም በግሉ ያክም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጠባዩን የሚገልጠው የመድኃኒት መዝገብ ሥራው ነው። እያንዳንዱ መንግሥት በአገሩ የሚሸጡትን መድኃኒቶች ስም፥ አዘገጃጀትና መጠን የሚወስን መዝገብ አለው፤ ይህም ፋርማኮፒያ ይባላል። ግራም ከ1901 እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ ለ20 ዓመት የዴንማርክ ፋርማኮፒያ ጉባኤ ሊቀ መንበር ነበር። በዚያን ጊዜ በመዝገቡ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ በልማድ የቈዩ፥ ሐኪሞችም አያቶቻቸው ያዙ ስለ ነበር ብቻ የሚያዙአቸው ብዙ መድኃኒቶች ይገኙ ነበር። ግራም መጥቀማቸው ያልተረጋገጠውን ከመዝገቡ ለማስወጣት ደከመ። ይህ ሥራ ወዳጅ አያበዛም። ድኃ ገንዘቡን ሰጥቶ የገዛው ጠርሙስ ከንቱ መሆኑን መናገር ሻጩንም፥ አዛዡንም፥ አንዳንዴም ሕመምተኛውን ራሱን ያስቀይማል። በ1884 ዓ.ም. በገዛ ሥራው ላይ ያገኘውን ጕድለት ሳይሰውር የጻፈ ሰው በሌሎች መድኃኒት ላይ ለማድላት ምክንያት አልነበረውም።

በሕይወቱ ሳለ ክብር አልተነፈገም። የዴንማርክ መንግሥት የዳነብሮግን ኒሻን ሸለመው፤ የኖርዌይ የክርስቲያኒያ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትርና ሰጠው። በ1923 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ ከሥራ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ቀድሞ ይወደው ወደ ነበረው ወደ ሕክምና ታሪክ ጥናት ተመለሰ።

በ1935 ዓ.ም. ጀርመናዊው ገርሃርድ ዶማክ ፕሮንቶሲል የተባለውን መድኃኒት ይፋ ባደረገ ጊዜ ግራም የ81 ዓመት ሽማግሌ ነበር። እንደ መቍጠሪያ በተሰካኩት ሐምራዊ ክቦች ላይ የሚሠራ መድኃኒት ሲገኝ ለማየት ዕድሜው አደረሰው። ፔኒሲሊን ተጣርቶ ለሰው ሲሰጥ ግን አላየም፤ የኦክስፎርድ ሊቃውንት ያን ሥራ በሚገባ የያዙት ከርሱ ሞት በኋላ ነው። ሃንስ ክርስቲያን ግራም ኖቬምበር 14 ቀን 1938 ዓ.ም. በ85 ዓመቱ ዐረፈ።